የዘጠኝ ቁጥር ላፕቶፕ ደብዳቤ

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተር የትናየት ከሰመራ ወደ ሎጊያ የተጠራችው ለመመርመር ሳይሆን ለመፈረም ነበር። ሳጅን ሙሐመድሰዒድ በስልክ ነገሩን በአጭሩ ቋጨላት፤ ኮምፒውተር ጠጋኙ እንድሪያስ የጥጥ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ጠጥቶ ሞቷል፤ ደብዳቤም ትቷል፤ የሚያከራክር ነገር የለም።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስትደርስ በመንገዱ ዳር የተደረደሩት የጅቡቲ መኪኖች ጎማ ከአስፋልቱ ጋር እየጋለ የላስቲክ ሽታ ይተፋ ነበር። በመኪኖቹ መካከል አንዲት ግመል ጥቁር ፌስታል ታኝካለች። የትናየት አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና አለፈች። ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆና ስትሠራ ሬሳ ለምዳለች። ያልለመደችው ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን ቆሻሻ ነው፤ እሱን ባየች ቁጥር ሆዷ ይገለበጣል፤ ባልደረቦቿም «ኢንስፔክተር ያቅለሸለሻት ቀን ወንጀል አለ» እያሉ ያሟታል።

የእንድሪያስ ሱቅ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ከፊት ጠረጴዛና መደርደሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ፍራሽ። ሟቹ በሁለቱ መካከል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ መሬት ላይ ተኝቷል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አፉና ደረቱ ላይ የደረቀ ቢጫ ትውከት አለ፤ ጉንዳን ወርሮታል። ከእጁ አጠገብ ትንሽ የላስቲክ ጠርሙስ ወድቃለች፤ ሽታዋ ጉሮሮ ይይዛል። መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ አሮጌ ላፕቶፖች ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። አሥረኛው፣ «9» የሚል የተለጠፈበት፣ ጠረጴዛው ላይ ቻርጀሩ እንደተሰካ ተከፍቶ ይበራል። ስክሪኑ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ አለ።

«ሎዛ ስለናቀችኝ መኖር አልፈልግም። በሞቴ ማንም ተጠያቂ አይደለም። እህቴ ራኬብ ይቅር በይኝ። እንድሪያስ።»

የትናየት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀጥላ ተንበርክካ የሟቹን ክንድ ለማንሳት ሞከረች። እንደ እንጨት ደርቋል። ጤና መኮንኑ ከበሩ እንደቆመ ሰውየው ከትናንት ማታ ሦስት ሰዓት በኋላ በሕይወት ሊኖር እንደማይችል ነገራት። እሷም ከመሬት የክብሪት እንጨት አንስታ ትውከቱን ነካ አደረገችው። ጭረት ጭረት ያለው ወፍራም ቢጫ ነገር ነው።

«ማንጎ ነው» አለች።

«አዎ፣ ከጁስ ጋር ቀላቅሎ ጠጥቶት ነው» አለ ሳጅን ሙሐመድሰዒድ።

«ብርጭቆው የታለ?»

ሳጅኑ ፍራሹን ገለበጠ፤ ቅርጫቱን ደፋ፤ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ብሎን፣ የተቃጠለ ቻርጀር አገኘ። ብርጭቆም፣ የላስቲክ ኩባያም፣ የማንጎ ልጣጭም አላገኘም።

በዚህ መሐል የሟቹ ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ ታላቅ እህቱ ራኬብ ናት። አዋሽ ላይ አውቶቡስ ተሳፍራ እየመጣች ነው። ወሬውን ማን እንደነገራት አልታወቀም፤ ድምፅዋ ግን ያለቀሰ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ለሰመራው ቄስ ለገብሩ ደውላ ለምናቸዋለች። እሳቸውም በሐዘኔታ፣ ግን በማያወላዳ ቃል፣ አውቆ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም እንደማይቀበር ነግረዋታል።

«እህቴ፣ እናታችን አልጋ ላይ ናት» አለቻት ራኬብ። «መሞቱን እነግራታለሁ። ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ተጣለ ብዬ ግን እንዴት እነግራታለሁ? እስከምደርስ አይቅበሩት።»

የትናየት ሰዓቷን አየች። በሎጊያ ሙቀት ሬሳ አያድርም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። ራኬብ አሥር ሰዓት ግድም ትደርሳለች። እስከዚያ ወይ ፊርማዋን ታኖራለች፤ ወይ ለቄሱ ሌላ መልስ ታገኛለች። የመፈረሚያውን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከበሩ ወጥታ መሬት መሬቱን እያየች ሄደች። ከደፉ ጀምሮ፣ በየሁለት እርምጃው፣ የደረቀ ቢጫ ጠብታ አለ፤ እያንዳንዱ ላይ ጉንዳን ተሰብስቧል። ጠብታው በስተግራ ወዳለው ጁስ ቤት አይሄድም። ቀጥ ብሎ ከሰመራ የሚመጡ ባጃጆች ሰው ወደሚያወርዱበት የአስፋልት ጫፍ ይወስዳል።

«ሙሐመድሰዒድ፣ ዝንብ የወረረው ባጃጅ ፈልግልኝ» አለችው።

«ኢንስፔክተር፣ እዚህ አገር ዝንብ ያልወረረው ምን አለ?»

«የኋላ መቀመጫው ላይ የተለየ የበዛበትን ፈልግ። በሩ ድረስ እያንጠባጠበ የመጣ ሰው መቀመጫውን ሳያቆሽሽ አልወረደም።»

ሳጅኑ እየሳቀ ሄደ። እሷ ተመልሳ የሟቹን ጠረጴዛ መረመረች። እንድሪያስ ሥራውን የሚጽፍበት ባለመስመር ደብተር ነበረው። ጽሑፉ የተስተካከለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው ነው። እያንዳንዱን ላፕቶፕ «ሕመምተኛ» ይለዋል። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ያቃታቸውን አሮጌ ማሽኖች ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት እያስነሳ፣ አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር እያስታረቀ፣ የዳነውንና ያልዳነውን እንደ ሐኪም ካርድ መዝግቦ ይዟል። በመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሕመምተኛ ቁጥር 9። ስክሪን፦ ድኗል። ድምፅ፦ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ድኗል። ዋይፋይ፦ አልዳነም፤ ድራይቨሩን በፍላሽ አመጣለሁ። የአማርኛ መጻፊያ፦ ገና። ባትሪ፦ ሞቷል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። ሰዓትና ቀን፦ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ሃርድ ዲስክ፦ ተቀይሯል።»

ከሥሩ በላቲን ፊደል አንድ ቃል ጽፎ፣ በአማርኛ «ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ሳይጠፋ ስንት እንደቆየ ይነግራል፤ በሙቀቱ ይጠፋ እንደሆነ ማወቂያ» ብሎ አብራርቷል።

የትናየት የፕላስቲክ ጓንቷን አድርጋ በቁልፎቹ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ሞከረች። የላቲን ፊደል ብቻ ወጣ። የጻፈችውን ሰርዛ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፈተችና ደብተሩ ላይ ያለውን ቃል ፊደል በፊደል ለቀመች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ። የእጅ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ነው። ጤና መኮንኑን አስመስክራ ስክሪኑንና የእጅ ሰዓቷን በአንድ ላይ ፎቶ አነሳቻቸው።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው የጎን ሱቁን ባለቤት ዩሱፍን ነው። ዩሱፍ ሞባይል ይሸጣል፤ ስልክም ያስሞላል። የአካባቢው ሰው ሁለቱ ወጣቶች በደንበኛ ይጣላሉ ይል ነበር። እሱም አልካደም።

«እንጣላለን፤ ምሳ ግን አብረን ነው የምንበላው። ወላሂ፣ እንድሪ መድኃኒት የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ራሱን ሲያመው እንኳ ኪኒን አይውጥም።»

ጠዋት የሆነውን እንዲነግራት ጠየቀችው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ዩሱፍም ዘግቶ ገባ። ጠዋት ሁለት ከሩብ ላይ መብራቱ ሲመጣ በየመኪናቸው ያደሩት ሾፌሮች ስልክ ሊያስሞሉ ተንጋጉበት። ስምንት ይሆናሉ። እነሱን ሲያስተናግድ ቆይቶ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ላፕቶፖቹን የሰጠው አቶ ይገዙ ከእንድሪያስ ሱቅ በር ተጣራ፤ አብረው ገቡ፤ እንድሪያስ ወድቆ፣ ስክሪኑ በርቶ አገኙት።

«አቶ ይገዙ ያኔ መድረሱ ነበር?»

«የለም፣ መኪናው ቀደም ብሎ ነው የቆመው። ነጯ ፒክአፕ። መንገዱን ዘግቶብን ሾፌሮቹ ሲሳደቡ ነበር፤ መብራቱ እንደመጣ ነው።»

ዩሱፍ ይህን ሲናገር ዓይኑ ሁለት ጊዜ ወደ መሳቢያው ሄዶ ተመለሰ። የትናየት አየችው።

ሎዛ በእረፍት ሰዓት ከሰመራ መጣች። የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ አሥሩ ላፕቶፖች የሚሄዱትም ለእሷ ተማሪዎች ነው። ሬሳው ተሸፍኗል። እሷ ግን ስክሪኑን ማየት አለብኝ አለች። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ስለናቀችኝ ይላል» አለች የትናየት። «እውነት ነው?»

«ዓምና እንቢ ብዬው ነበር። ያን ሎጊያ ሁሉ ያውቃል፤ ራሱ ነው እያወራ የሳቀበት። ባለፈው ቅዳሜ ግን እሺ አልኩት። ለማንም እንዳንነግር ተስማማን። እስከ ፋሲካ።»

«ለማንም?»

«ለእህቱም። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው የሰማው የዓምናውን ነው።»

ዛሬ ጠዋት የት እንደነበረች ተጠየቀች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍል ውስጥ ስታስተምር እንደነበር፣ አርባ ሁለት ተማሪ ምስክር እንዳላት ተናገረች። አለቀሰች፤ ፊቷን ግን አልሸፈነችም።

አቶ ይገዙ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ድርጅት የንብረትና የሰነድ ኃላፊ ነው፤ ላፕቶፖቹን አዋሽ አርባ ካለው መጋዘን አስወጥቶ ለትምህርት ቤቱ የለገሰው እሱ ነው። አምሳ ሊሞላው ነው፤ ሸሚዙ እንደ ነጣ ነው፤ ሽቶ የነካ መሐረብ አፍንጫው ሥር ይዟል። የትናየትን በመኪናው ቀዝቃዛ አየር እንድትቀመጥ ጋበዛት። ገባች። የመኪናው የውስጥ ሽቶ የበሰበሰ ፍሬ ያስታውሳል።

«ምስኪን ልጅ» አለ። «ጎበዝ ነበር። ላፕቶፖቹን ልረከብ ብመጣ ይህን አየሁ።»

«ስንት ሰዓት ደረሱ?»

«ሁለት ሰዓት ከአርባ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባ አልኩ፤ ወዲያው ጎረቤቱን ጠራሁት። ምንም ነገር አልነካሁም።»

«ላፕቶፑ?»

«እንደዚያው በርቶ ነበር፤ ደብዳቤው ፊት ለፊት። ሌሊቱን ሙሉ እንደበራ ያደረ ይመስለኛል። ያሳዝናል።»

«ማታ የት ነበሩ?»

«ሰመራ፣ ከማርፍበት ሆቴል አልወጣሁም።»

«እዚያ መብራት ያስቸግራችኋል?»

ጥያቄው አስገረመው። ሆቴሉ ጀኔሬተር ስላለው በስድስት ወር አንድ ቀን እንኳ ጨለማ አይቶ እንደማያውቅ በኩራት ነገራት። ሲጨርስም ማሽኖቹ የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ ዘጠኝ ቁጥሩን ዛሬውኑ ወስዶ ሊመልስ ጠየቀ። የትናየት ነገ ብላው ወረደች። መሬት ስትረግጥ አየሩ እንደ እቶን ቢሆንም ደስ አላት።

ወደ ዩሱፍ ተመለሰችና መሳቢያውን እንዲከፍት ጠየቀችው። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«አላህ ምስክሬ ነው፣ አልሰረቅኩም።»

«እንዳልሰረቅክ አውቃለሁ። እንድሪያስ የቀየረው ሃርድ ዲስክ ከሱቁ ውስጥ የለም። ሰው የሚደብቀውን የሚሰጠው ለሚጣላው ወዳጁ ነው።»

ዩሱፍ ከመሳቢያው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ማክሰኞ ዕለት እንድሪያስ ሰጥቶት ነበር፤ «እኔ ሳልመጣ ለማንም እንዳትሰጥ» ብሎ። ዩሱፍም ጠዋት ሬሳውን ሲያይ ከዲስኩ ጋር ቢገኝ እሱ ይጠረጠራል ብሎ ፈራ። የትናየት አልተቆጣችውም። ሎዛን ጠርታ ዲስኩን በዩሱፍ ማሽን ላይ እንድትከፍተው አደረገች። ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠው አነበቡ። ሎዛ ሁለት ጊዜ ተነስታ ወጣች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም በእንድሪያስ ሱቅ በር፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ራኬብ ከአውቶቡሱ እንደወረደች ናት፤ ጥቁር ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፤ ወንድሟን ካየች በኋላ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ተቀመጠች። ቄስ ገብሩ በእህትየዋ ልመና መጥተዋል፤ ግን ጥላቸውን ዘርግተው ራቅ ብለው ቆሙ። ዩሱፍና ሎዛ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ይገዙ ወንበር ጠይቆ ተቀመጠ። ሳጅን ሙሐመድሰዒድ አንድ ባጃጅ ነጂ አስከትሎ መጣና ከኋላ ቆመ። ፊቱ ላይ የጠዋቱ ሳቅ የለም።

የትናየት ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስጠጋች። ዘጠኝ ቁጥር ላፕቶፕ ላዩ ላይ እንደበራ ነው።

«አባ፣ ከእርስዎ ልጀምር» አለች። «እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ይህ ልጅ በገዛ እጁ ነው የሞተው ወይስ በሰው እጅ?»

«እሱን ብቻ ነው ልጄ» አሉ ቄሱ። «ሥርዓት ሆኖብኝ እንጂ ልቤማ አላረፈም።»

«እንድሪያስ መርዙን የጠጣው በማንጎ ጁስ ነው። ጁሱ የመጣበት ኩባያ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። የሞተ ሰው ኩባያ አውጥቶ አይጥልም። ስለዚህ አብሮት የነበረ ሰው አለ።»

ራኬብ ቀና አለች።

«ሁለተኛው ደብዳቤው ነው። ይህ ማሽን አማርኛ አይጽፍም። እንድሪያስ ገና አላስተካከለውም፤ በደብተሩ ላይ ጽፎታል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ዋይፋዩም አይሠራም። ደብዳቤው በሌላ ማሽን ተጽፎ በፍላሽ የገባ ነው። የጻፈውም ሰው ሎዛ ዓምና እንቢ ማለቷን ሰምቷል፤ ቅዳሜ እሺ ማለቷን አልሰማም።»

ራኬብ ወደ ሎዛ ዞረች። ሎዛ አንገቷን ደፋች። ራኬብ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሎዛም ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ታዲያ ማን?» አለ ይገዙ። «ጎረቤቱ ፍላሽ አያጣም። ሲጣሉ እንደሚኖሩም ሰምቻለሁ።»

ዩሱፍ ሊመልስ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ የትናየት በእጇ መለሰችው።

«ሙሐመድሰዒድ፣ ቻርጀሩን ንቀለው።»

ሳጅኑ ነቀለው። ስክሪኑ በዚያው ቅጽበት ጨለመ።

«የዚህ ላፕቶፕ ባትሪ ሞቷል። መብራት ከሌለ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሎጊያ መብራት ጠፋ። ጠዋት ሁለት ከሩብ ላይ መጣ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ይህ ስክሪን ጥቁር ነበር። መብራት ስለመጣ ብቻም በራሱ አይነሳም፤ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይፈልጋል። ደብዳቤውም በራሱ አይከፈትም።» ከደብተሯ የፎቶውን ቅጂ አወጣች። «አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ከተነሳ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ እንደሆነው ነግሮኛል። የቀንና የሰዓት አቆጣጠሩ ይሳሳታል፤ ከተነሳ ስንት እንደቆየ ግን አይሳሳትም። ቁልፉ የተጫነው ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ያኔ እንድሪያስ ከሞተ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎት ነበር።»

ግመሏ መንገዱ ዳር አጓራች።

«በዚያ ሰዓት ዩሱፍ ስምንት ሾፌር ከቦት ስልክ ይሰካ ነበር። ሎዛ ክፍል ውስጥ ነበረች። የእርስዎ መኪና ግን እዚህ በር ላይ ቆማ ነበር አቶ ይገዙ። እርስዎ ሁለት ከአርባ ላይ ደረስኩ አሉኝ፤ ሾፌሮቹ ከዚያ ቀደም ብለው ስለመኪናዎ ሲሳደቡ ነበር።»

ይገዙ መሐረቡን አጠፈ። «ስለ ሰዓት ልሳሳት እችላለሁ።»

«ስለ መብራቱስ? ማታ ደብዳቤውን ከፍተው፣ ኩባያዎቹን ይዘው ሄዱ። ጠዋት ሬሳውን ‹ሊያገኙ› ሲመጡ ስክሪኑ ጨልሟል። ጀኔሬተር ያለው ሆቴል ያደረ ሰው መብራት ጠፍቶ ያድራል ብሎ አያስብም፤ ማሽኑ የተኛ መሰልዎ። ቁልፉን ተጭነው፣ እስኪነሳ ጠብቀው፣ ደብዳቤውን እንደገና ከፈቱ። ከዚያ ዩሱፍን ጠሩ። እኔንም ‹ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያደረ ይመስለኛል› አሉኝ። ሎጊያ ያደረ ሰው ይህን አይልም።»

«ለምን ብዬ?» አለ ይገዙ። «አሮጌ ላፕቶፕ ለሕፃናት የሰጠሁ ሰው ልጁን ለምን እገድለዋለሁ?»

«ምክንያቱ ለሕፃናቱ ከሰጡት ላፕቶፕ ጋር አብሮ መጣ። ዲስኩን ሳያጸዱ ሰጡ። እንድሪያስ ውስጡን አነበበ። ዘጠኝ ቁጥሩን ዛሬውኑ ልውሰድ ያሉኝም ዲስኩ ገና እዚያው ያለ መስሎዎት ነው።»

የትናየት ከዚህ በኋላ ያለውን ሎዛ እንድትናገር ፈቀደችላት። ሎዛ ተነስታ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ያነበበችውን ነገረቻቸው። ከመንገዱ በስተሰሜን ባለች አንዲት መንደር የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። የመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት ውሃው ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ ለመጠጥ እንዳይውል ያዛል። ከሳምንት በኋላ የተሠራው ሁለተኛ ወረቀት ያንኑ ቁጥር ቀይሮ «ለመጠጥ ተስማሚ» ይላል። ያዘጋጀው፦ ይገዙ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆኗል። ከዚያ መንደር የመጡ ሦስት ተማሪዎች አሏት፤ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ጥርሳቸው በልዟል። አንዱ ጉልበቱ አይታጠፍም።

የትናየት አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች። ጠዋት በክብሪት እንጨት የነካችው ነገር ከዚህ ይልቅ ንጹህ ነበር።

«እንድሪያስ ጉድጓዱ ይዘጋ ብሎ ነገረዎት» አለች። «የዲስኩን ቅጂ በፍላሽ አሳየዎት። እርስዎም እሺ ብለው ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ማንጎ ጁስ ይዘው መጡ። የራስዎን መኪና ሆቴል አቁመው በባጃጅ።»

ሳጅን ሙሐመድሰዒድ ነጂውን ወደፊት ገፋ አደረገው። ነጂው ወደ ይገዙ አፈጠጠ።

«እሱ ነው» አለ። «ትናንት አመሻሽ መቀመጫዬ ላይ ጁስ ደፋብኝ፤ ይቅርታ እንኳ አላለም። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ በዝንቡ እየሸሸኝ ዋልኩ።»

ይገዙ ለጥቂት ጊዜ ነጂውን ተመለከተው፤ ከዚያ የቢሮ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እዚያ መንደር ከዚያ በፊት ምን ይጠጡ ነበር? ከግመል ጋር ከኩሬ። እኔ ውሃ አመጣሁላቸው። ጥርስ በለዘ አልበለዘ፣ ማን ያየዋል? ልጁ ይህን አስረድቼው አልገባውም። ግትር ነበር።»

ራኬብ ተነሳች። ሁሉም ትመታዋለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ፊቱ ቆማ፣ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው፤ መሬት ላይ እንትፍ ብላ ወደ ሳጥኑ ተመለሰች።

«ውሰደው» አለች የትናየት ለሳጅኑ። «በፒክአፑ አይሂድ። በባጃጁ ውሰደው፤ በዚያው መቀመጫ።»

ይገዙ እጁ ታስሮ ሲሄድ መሐረቡ ወደቀ፤ ማንም አላነሳለትም። የትናየት ከኪሷ የመፈረሚያውን ወረቀት አውጥታ ቀደደችው። ወዲያው የጉድጓዱ ነገር ትዝ አላትና ወደ ወረዳው ውሃ ቢሮ ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አልተነሳም። በአራተኛው አንድ ሰው አንስቶ የሥራ ሰዓት እያለቀ ነው፣ ሰኞ ይደውሉ አላት። የሰውየውን ስምና ኃላፊነት ጠይቃ መዘገበች፤ ቀጥላም ወደ መንደሩ ዛሬ ማታ ቧንቧውን የሚዘጋ ፖሊስ እንደምትልክ፣ ሰኞ ደግሞ እሱን ራሱን ልታነጋግር እንደምትመጣ ነገረችው።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘቅዝቃለች። ጊዜ አልነበረም። ዩሱፍና ሾፌሮቹ ሳጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

«ቆዩ» አሉ ቄስ ገብሩ።

ጥላቸውን አጠፉ። ከቆሙበት ርቀት መጥተው ከሳጥኑ ራስጌ ቆሙ። መስቀላቸውን ከልብሳቸው ውስጥ አወጡና ወደ ራኬብ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፤ «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

ራኬብ እጇን በሳጥኑ ክዳን ላይ አኖረች።

«ገብረ ሥላሴ» አለች። «ገብረ ሥላሴ ነው አባ።»